ቀጥታ ገብተው ቀጥታ የሚወጡበት ቦታ

ሴፕቴምበር 9

የክረምት ጎረቤቴ ዶርሲ ደወለች። ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ ወደ ጉዳይዋ ገባች።

«ቦታችሁን አረጋግጣችኋል? የማረፊያው ቢሮ ያለችው ሴትዮ እስከ ወሩ መጨረሻ ያልደወለ ሰው ቦታው ለሌላ ይሰጣል ብላለች።»

«ከቨርጂል ጋር እየተነጋገርንበት ነው» አልኳት።

«ምኑን ነው የምትነጋገሩት? ስንት ዓመት ሙሉ የኔ ወንበር ካንቺ ወንበር ተለይቶ ያውቃል?»

ዘንድሮ ሌላ ማረፊያ ብናይ ብለን ነው፣ ለለውጥ ያህል፣ አልኳት።   «እሺ፣ ለሃርላን እነግረዋለሁ» ብላ ዘጋችው። ሃርላን ባሏ ነው። ለባለቤቴ ለቨርጂል ከወንድም ይቀርበዋል።

መስኪት የሚባለው የክረምት ማረፊያችን ክፉ ቦታ ሆኖ አይደለም። ጥላ አለው፤ ሰው ከሰው ይተዋወቃል፤ ከወንዙ የሚመጣው ነፋስ አመሻሽ ላይ ደስ ይላል። ከዳኮታ በረዶ ሸሽተን ውስጡ የምናድርበትን ቤት መኪናችንን ይዘን ወደ አሪዞና በወረድን ቁጥር ሌላ ቦታ አስበን አናውቅም። ግን ቦታዎቹ ጠባብ ናቸው። ሁሉም በኋላ ማርሽ የሚገባባቸው ናቸው። ይህን ለዶርሲ አልነገርኳትም፤ ምክንያቱ እሱ አይደለምና። ምክንያቱ ለውጥ መፈለጋችን ነው።

ሴፕቴምበር 14

የማረፊያዎቹን ወረቀት ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ቨርጂል መነጽሩን ጋራዥ ረስቶት ስለነበር እኔው አነበብኩለት። ሰሞኑን መነጽሩ ሁልጊዜ ጋራዥ ነው።

«ይሄኛው መዋኛ ገንዳ አለው» አልኩት።

«እኔና አንቺ ስንዋኝ ማን ገንዘብ ከፍሎ ያያል?»

«ይሄ ደግሞ የጭፈራ አዳራሽ አለው።»

«ስንጨፍር ደግሞ ገንዘባቸውን መልሱልን ይላሉ።»

ስቄ ስጨርስ ረጋ ብሎ፣ «እኔን ከጠየቅሽኝ ሜዳው ይሻለኛል» አለ።

ሜዳው የሚለው መንግሥት በነፃ የሚያስቆምበትን በረሃ ነው። መብራት የለውም፣ የውሃ መስመር የለውም፣ ዛፍም የለውም። እዚያ የሚሰፍሩት ከሰው መራቅ የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው። ቨርጂል ደግሞ ነዳጅ ለመቅዳት ወርዶ የሦስት ሰው የሕይወት ታሪክ ይዞ የሚመለስ ሰው ነው።

«እዚያ ምን አለ?» ብለው፣ «ቦታ አለ» አለ። «ጎረቤትሽን ከሩቅ እንደ ነጥብ ነው የምታይው። እንደፈለግሽ አዙረሽ ትቆሚያለሽ። ግራ ቀኝ የሚልሽ የለም።»

ውሃ ማመላለሱ ይከብዳል፣ ሐኪም ቤቱም ሩቅ ነው አልኩት። አልተከራከረም። ድሮ ይከራከር ነበር።

ሴፕቴምበር 21

የቤተ ክርስቲያን እራት ነበር። የድንችና የሥጋ ድስቴን ይዤ ወደ ወጥ ቤቱ ስገባ የቨርጂል እህት አርዲት ጀርባዋን ሰጥታኝ ለሴቶቹ ታወራለች።

«የፖስታ ሳጥኔን ከነምሰሶው ነው የጣለው። ጠራርጎ! ወርዶም ‘ይሄን ማን እዚህ ተከለው?’ ይለኛል። አባታችን ነው የተከለው አልኩት።»

ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ ደግሞ፣ «የምትነዳውማ ሚስቱ ዳርላ ናት፤ መሪው ብቻ ነው እሱ ጋ ያለው» አለች።

ድስቱን አስቀምጬ ማንኪያ የረሳሁ መስዬ ወጣሁ።

የነሱ ነገር ማጋነን ነው። ባልና ሚስት ሲጓዙ ያወራሉ። ቨርጂል ሲነዳ መንገዱን የምነግረው ልማድ ሆኖብኝ ነው። ግራህ ክፍት ነው፣ ከፊት ትራክተር አለ፣ ሴትዮዋ ልትሻገር ነው እላለሁ። እሱ «ሬዲዮዬ» ይለኛል። ሌላው ሬዲዮ ያዳምጣል፣ እሱ እኔን። ምን ነውር አለው?

ሠላሳ ዓመት የእህል መኪና የነዳ ሰው ነው። መንገድ በማያሳይ የበረዶ ውሽንፍር ውስጥ ነድቷል፤ ያን ጊዜ ማንም መንገድ አልነገረውም።

ሴፕቴምበር 28

ወሰንኩ። ደዘርት ላንተርን ይባላል፣ ከዩማ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ትልቅ ነው፤ ብዙ መቶ ቤት መኪና ይይዛል።

ስልክ ያነሳችው ልጅ መዋኛውን፣ አዳራሹን፣ የልብስ ማጠቢያውን ስትዘረዝር አስቆምኳትና፣ «ቀጥታ ገብተን ቀጥታ የምንወጣበት ቦታ አላችሁ?» አልኳት።

«አለን እመቤቴ። ከአንድ ወገን ይገባሉ፣ በሌላው ወገን ይወጣሉ። የኋላ ማርሽ የሚባል ነገር አያስፈልግዎትም።»

ቤቱ አርጅቷል ስላልኳት ፎቶግራፉን ላኩ አለች፤ ያረጀ ቤት መኪና ሳያዩ አያስገቡም። ቨርጂል ሲያጥበውና ሲወለውለው ዋለ። በግራ በኩል ከላይ እስከ ታች አንድ ጭረት አለ። ፎቶውን በቀኝ በኩል አነሳሁት።

ላንተርን ነው የምንሄደው ስለው፣ «ጥሩ» አለ። «ሜዳው ይቅር?» ስለው፣ «ይቅር» አለ። ይኸው ነው። ስንት ቀን ሙሉ ለክርክር ስዘጋጅ ነበር።

ለዶርሲ ደወልኩ። ቦታችንን ለቀቅን።

ሲያወሩት እንዲህ አጭር ነው እንጂ ቀላል አልነበረም።

ኦክቶበር 8

ዕቃ እየጫንን ነው። የዓይን ሐኪሙን ቀጠሮ ቨርጂል ሰርዞታል፤ ስንመለስ እሄዳለሁ አለ። ስንመለስ ማለት ኤፕሪል ማለት ነው።

ዛሬ ወንበሮቹን ስጭን መስኪት ትዝ አለኝ። አዲስ ቤት መኪና ሲገባ ሰዉ ወንበሩን ይዞ ወጥቶ ይቀመጣል። ክፋት የለውም፤ በረሃ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። ሚስት ከኋላ በሾፌሩ በኩል፣ ስፖኪዮው ውስጥ የምትታይበት ቦታ ትቆማለች። ባል መሪውን ይይዛል። ከዚያ ጩኸት ይጀመራል። «ግራ ነው ያልኩህ!» «የማን ግራ?» አንዷ ጓንቷን መሬት ላይ ወርውራ በእግሯ ወደ ከተማ ስትሄድ አይተናል። እኔና ቨርጂል ግን አንድም ቀን ተጯጩኸን አናውቅም። እጄን ወደ ላይ፣ እጄን ወደ ጎን፣ ከዚያ ጡጫዬን ጭብጥ። ቁም። በአንድ ጊዜ ይገባል። ሃርላን «እናንተስ ታሰለቻላችሁ» ብሎ ወንበሩን አጥፎ ይሄድ ነበር።

ባለፈው ዓመት ጡጫዬን ጨብጬ ብቆምም አልቆመም። የሃርላንን ጠረጴዛ ገጨው። ማንም አልተጎዳም። ሃርላን የጠረጴዛውን እግር አቃናውና፣ «ዱሮም ይንገዳገድ ነበር» አለ። ቨርጂል ፀሐዩ ነው አለ። ፀሐዩ ከወዲያ ወገን ነበር።

ኦክቶበር 15

ተነሳን። ነፋስ። ቀኑን ሙሉ ስናገር ስለዋልኩ ድምፄ ተዘግቷል።

ኦክቶበር 17

ዋዮሚንግ። ዛሬ የሆነውን ልጽፈው አልፈልግም ነበር።

ከመነሳታችን በፊት ቤቱን እንዞራለን፤ እሱ በግራ፣ እኔ በቀኝ። እሱ የመብራቱን ገመድና የፍሳሹን ቱቦ ያያል፣ እኔ ሸራውንና ደረጃውን። ከኋላ ስንገናኝ እሱ «ንጹህ» ይላል፣ እኔም «ንጹህ» እላለሁ። ዛሬም ተባባልን። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ ሲንቀሳቀስ ከኋላ አንድ ነገር ጮኸ። ገመዱ አልተነቀለም ነበር። የመብራቱን ሳጥን ከነምሰሶው አጋድመነዋል።

የማረፊያው ባለቤት እየሮጠ መጣ። «በገመድ ታስራችሁ ነው እንዴ የምትሄዱት? ገመዱን ያየው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ሰውየው አየኝ፣ ቨርጂልን አየው፣ ራሱን ነቀነቀ። «ሚስትህን አስተምራት» አለው። 

መንገድ ከጀመርን ብዙ ቆይቶ፣ «ለምን እንደዚያ አልሽ?» አለኝ።

«ምን ለውጥ አለው?»

«ለኔ አለው» አለ።

ገመዱ ቢጫ ነው። ወፍራም ቢጫ ገመድ ነው፣ በነጭ ጠጠር ላይ።

ኦክቶበር 18

ጠዋት እሱ ዞሮ ከጨረሰ በኋላ በግራ በኩል እንደገና ዞርኩ። ጓንቴን ጥያለሁ አልኩ። ጓንቴ እጄ ላይ ነበር። አይቶኛል ብዬ አስባለሁ። ማየቱን አላውቅም።

ኦክቶበር 19

ኬናብ ከተማ። ደርሰናል። የዛሬውን ነገ እጽፋለሁ።

ኦክቶበር 20

እረፍት አደረግን። ደክሞኛል አልኩት፤ እውነትም ደክሞኛል።

ትምህርቴን ያቋረጥኩት እናቴ ስትታመም ነው። ከዚያ በኋላ የማውቀውን ያወቅሁት እሠራበት በነበረው የልብስ ማጠቢያ ቤት ሰዎች ጥለውት ከሚሄዱት መጽሔት ነው። አብዛኛው ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ታሪኩ መጨረሻ የሌለው ነበር። ስለ ንቦች ግማሹን አውቃለሁ። ስለ ፓናማ ቦይ እስከ ቁፋሮው ድረስ አውቃለሁ።

አንድ ጊዜ ስለ ዓይን አነበብኩ። ግላኮማ የሚባለው በሽታ ከዳር ነው የሚጀምረው ይላል። የሚገርመኝ ግን ሰውየው ጥቁር ነገር አያይም። አንጎሉ ያላየውን ቦታ በአጠገቡ ባለው ቀለም ይሞላዋል። መንገድ ከሆነ መንገድ፣ ሜዳ ከሆነ ሜዳ። ስለዚህ አላይም አይልም፣ ባዶ ነው ነው የሚለው። አይዋሽም።

ዝም ብሎ ትዝ ብሎኝ ነው። ገጹ ከዚያ በኋላ ተቀዷል፣ መድኃኒቱን አላነበብኩም።

ኦክቶበር 23

ላንተርን ገባን። ልጅቱ እንዳለችው ነው፤ በአንድ ወገን ገባን፣ ቆምን፣ ሞተሩን አጠፋን። እጄን ማንሳት እንኳ አላስፈለገኝም። ከቤቱ የወጣ ሰው የለም። ወንበር የያዘም የለም።

ቨርጂል መሪው ላይ እጁን እንዳደረገ ትንሽ ተቀመጠ። «በደንብ መርጠሻል» አለኝ። «እዚህ ማንም አያየንም።»

ደስ ብሎት ይሆናል።

ኖቬምበር 2

አየሩ ጥሩ ነው። ውሃው ጨው ጨው ይላል። ሰዉ በትናንሽ ኤሌክትሪክ ጋሪዎች ይመላለሳል፣ እጁን ያወዛውዛል፣ ይሄዳል። ቨርጂል እጁን መልሶ አያወዛውዝም። በግራችን ያሉት ሰዎች ኩሩ ነው ሳይሉት አይቀሩም።

አዳራሹ ውስጥ የካርታ ጨዋታ አለ አልኩት። «እሄዳለሁ» አለ፣ አልሄደም። በመስኪት ጊዜ ከካርታው የማስነሳው እራት ቀዝቅዞ ነበር። እዚያ መንገዱን በእግሩ ያውቀዋል። የሃርላን ቤት ከተንጋደደው ዛፍ ቀጥሎ፣ ሻወር ቤቱ ቁልቁል፣ ቢሮው ጠጠሩ አልቆ አስፋልቱ የሚጀምርበት። እዚህ ሁሉም ቤት ነጭ ነው፣ ሁሉም መንገድ ጠጠር ነው፣ መለያው ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሮቹም ትናንሽ ናቸው።

ቀኑን ሙሉ ከሸራው ሥር ይቀመጣል። ስጠይቀው «ማረፍ አይደል የመጣነው?» ይላል።

እኔ ነኝ የመረጥኩት።

ኖቬምበር 6

ከሰዓት በኋላ ቆሻሻ ልጣል ብሎ ወጣ። እምቢ ልለው አልቻልኩም፤ ቆሻሻ መጣል ነው። ዘገየ። ልወጣ ስል አንድ የጥበቃ ሰው በጋሪ ይዞት መጣ።

«የእርስዎ ነው?» አለኝ ሰውየው፣ እንደ ጠፋ ዕቃ።

ቨርጂል ከጋሪው እየወረደ፣ «ሁለተኛ ሚስት ላገባ ነበር፣ ጮኸችብኝና ተውኩት» አለ።

የሰው ቤት ከፍቶ ገብቷል። በሩ እንደኛ በር፣ ደረጃው እንደኛ ደረጃ ነው። ሴትዮዋ ድንች ስትልጥ፣ «ዳርላ፣ ውሃ አለ?» ብሎ ማቀዝቀዣዋን ከፈተ። ቢላውን ይዛ ነው የጮኸችው። የጥበቃው ሰው ክፉ አልነበረም፤ ግን ሲሄድ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እናቴም እንዲህ ነበር የጀመራት» አለኝ። ሰውየው የጠረጠረው የመርሳት በሽታ ነው። የቨርጂል አእምሮ ከኔ ይሻላል። ይህን ልነግረው ብዬ፣ ታዲያ ምን ሆኖ ነው እንዳይለኝ ተውኩት።

ራት በላን። ሳህኖቹን ሳነሳ፣ «ይሄን ቦታ ለምንድነው የመረጥሽው?» አለኝ።

«ፀጥ ስለሚል ነዋ።»

«ዳርላ።»

ሳህኖቹን አስቀመጥኩ። «ወደ ኋላ መግባት ስለሌለበት» አልኩ።

ራሱን ነቀነቀ። «እኔም ሜዳውን ያልኩት ለዚያው ነው። እዚያ ብገጭ የምገጨው ቁጥቋጦ ነው።»

እንግዲህ ከሴፕቴምበር ጀምሮ ሁለታችንም አንድ ነገር ስንደብቅ ነበር፣ አንዳችን ከሌላችን።

ከዚያ ጠየቅሁት። አሁን ካልጠየቅሁት መቼም አልጠይቀውም ብዬ። «ኬናብ ልንገባ ስንል፣ ከድልድዩ ወዲህ፣ ብስክሌት የሚነዳውን ሰው አይተኸው ነበር?»

«የምን ሰው?»

ይኸው ያን ቀን ያልጻፍኩት። በግራ በኩል ነበር፤ ሊታጠፍ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ እጁን ዘርግቷል። ቀይ ሹራብ ለብሷል። እኔ በቀኝ ያለውን የጭነት መኪና እየነገርኩት ነበር። «ግራ!» ስል ጠመዘዘ፣ ምን እንደሆነ ሳያይ፣ ስለጮህኩ ብቻ። የሰውየው ፊት በመስኮታችን በኩል አለፈ፣ ይህን ያህል ቀርቦ። በስፖኪዮ አየሁት፤ አልወደቀም። ቨርጂል «ምን ነበር?» ሲለኝ «ጉድጓድ» አልኩት።

ሁሉንም ነገርኩት።

«ሰውየው ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ቆሞ ሲሰድበን አይቻለሁ።»

ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ተከትዬው ወጣሁ፤ አጠገቡ ቦታ አልለቀቀልኝም፣ እኔም ቆምኩ። ወደኔ ሳይዞር፣ የቤት መኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ከጎኑ ደረጃው ላይ አኖረው። አላነሳሁትም። ሲገባ እዚያው ተወው። ያን ጊዜ አነሳሁት።

በቤተ ክርስቲያኑ እራት ሴቶቹ የሳቁበት ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ወይም ጠረጴዛው ሲገጭ። ቨርጂልን የጠበቅሁት መስሎኝ ነበር። ቀይ ሹራብ የለበሰውን ሰው ግን ማን ጠበቀው?

ኖቬምበር 8

ቅዳሜ ገበያ የሚቆምበት ሰፊ ሜዳ አለ፤ በሥራ ቀን ባዶ ነው። ቤት መኪናውን ይዤ ወጣሁ። እኔ። በሕይወቴ ከዚህ መሪ ኋላ የተቀመጥኩት አቧራውን ስወለውል ብቻ ነው።

ቨርጂል ከጎኔ ተቀምጧል። መምህር ሆኖ ክፉ ነው።

«ፍሬኑን አትርገጪው፣ ንኪው። እንቁላል ከሥሩ አለ።»

«እንቁላሉ ተሰብሯል።»

«ሰማሁት።»

ወደ ኋላ ስሄድ ጭራው ወዳልፈለግሁት ይሄዳል። መሪውን ወደ ግራ ስሰብር ቂጡ ወደ ሌላ ዓለም።

«መልሺ! መልሺ! እንዲህ አድርጎ ከሚነዳ ሰው ጋር ነው የምኖረው?»

«አንተ ነህ ይህን ያህል ዓመት እንዲህ ቀላል ነው ያልከኝ?»

«ቀላል ነበር» አለ።  

ኖቬምበር 12

ዛሬም። ዓይኑን ጨፍኖ ሞተሩን እየሰማ፣ «አሁን ፈርተሻል፣ ነዳጁን ለቀሻል» ይለኛል። እውነቱን ነው። ሁለት በርሜል አቁመን በመሐላቸው ወደ ኋላ አስገባሁ። አንዱን ጣልኩት።

ማታ፣ «መስኪት ብንሄድስ?» አልኩት።

«ቦታችንን ለቅቀናል።»

«ሌላ ቦታ ይኖራል።»

«ሰዉ ሁሉ ወንበር ይዞ ይወጣል።»

«ይውጣ።»

«አንቺን ያዩሻል፣ ከዚያ እኔን ያዩኛል» አለ።  ግን እምቢ አላለም።

ኖቬምበር 13

ዶርሲ ጋ ደወልኩ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት፣ የፖስታ ሳጥኑን፣ ገመዱን፣ ብስክሌቱን። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ተቆጣች።

«ለለውጥ ያህል አልሽኝ። ሃርላን ምን እንዳስቀየማችሁ ሲያስብ ነው የከረመው። ስለ ጠረጴዛው ያልኩት ነገር ከፍቷቸው ይሆን እያለ። እኔን ከማን ነው የቆጠርሽኝ?»

ስልኩን ዘጋችው።  ውሃ ሳፈላ መልሳ ደወለች።

«የድሮ ቦታችሁ ከካናዳ የመጡ ሰዎች ገብተውበታል። ሴትዮዋ ቀኑን ሙሉ ታፏጫለች። ያለው አንድ ቦታ ነው፣ መጨረሻው ላይ፣ ከቆሻሻ ገንዳዎቹ አጠገብ። ይሸታል። በዚያ ላይ ጠባብ ነው።»

«እንወስደዋለን» አልኩ።

«ለሃርላን አንቺ ትነግሪዋለሽ ወይስ እኔ?»

ቨርጂል ከኋላዬ ነበር ለካ። «እኔ እነግረዋለሁ» አለና ስልኩን ተቀበለኝ። ወደ ውጭ ወጣሁ፤ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ስመለስ ሁለቱ ሰዎች ስለ ዓሣ ያወራሉ።

ኖቬምበር 17

መስኪት። እኔ ነዳሁ። መንገዱን ማንም አልነገረኝም፤ ቨርጂል ሊነግረኝ አይችልም፤ ፀጥታው መጀመሪያ አስፈራኝ። ኋላ ግን ስለ እህል መኪናዎቹ ያወራልኝ ጀመር፣ ድሮ ሰምቼ የማላውቀውን። ለካ እየነዳ ማውራት አይወድም ነበር።

ወንበሮቹ ወጥተዋል። የካናዳዋ ሴትዮ ሳትቀር። ሃርላን ከኋላ፣ እኔ በምቆምበት ቦታ ቆመ። ቨርጂል ወርዶ ከዶርሲ ጎን ቆመ፤ ክንዱን ይዛዋለች።

አንዱ ከወንበሩ ላይ፣ «ቨርጂል፣ ሹፌር ቀጠርክ እንዴ?» አለ።

«አዎ» አለ ቨርጂል። «ደሞዝ አትጠይቅም። ሰድባ ነው የምታካክሰው።» ትንሽ ቆየና፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ «ዓይኔ ሄዷል፣ በግራ በኩል ምንም የለኝም። እጃችሁን ስታወዛውዙልኝ ዝም ካልኳችሁ ስለናቅኋችሁ አይደለም፤ ከሃርላን በቀር» አለ።

ሳቁ። እኔ በስፖኪዮው ዶርሲን ብቻ ነው ያየሁት። አልሳቀችም።

በአንዴ አልገባሁም። ብዙ ጊዜ ወጥቼ ገባሁ። ሃርላን እጁን ሲያወርድ እኔ የጠራኝ ይመስለኛል፤ ቁሚ ማለቱ ነው። የቆሻሻ ገንዳውን ገፋሁት፤ ክዳኑ ወድቆ ተንኳኳ። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። አንዲት ሴት ከወንበሯ ተነስታ ስልኳን ልታነሳ ሄደች፣ ተመልሳ ስትመጣ ገና እየገባሁ ነበር።  ሞተሩን ሳጠፋ ቨርጂል በመስኮቱ ሥር መጥቶ፣ «ፍሬኑን ነካሽው» አለ።

ይሸታል፣ ዶርሲ እንዳለችው።

ኖቬምበር 24

ትናንት የዓይን ሐኪሙ ጋ ሄድን፤ ዶርሲ ነች ቀጠሮ ያስያዘችልን። ወጣት ሴት ናት። የሄደው አይመለስም አለች። የቀረውን በየቀኑ በሚጨመር ጠብታ ይዞ ማቆየት ይቻላል፤ ከአንድ ዓመት በፊት ብትመጡ ብዙ ይተርፍ ነበር። ይህን ስትል ወደኔ አላየችም። እኔ ነኝ ወለሉን ያየሁት።

መንዳት የለም አለችው።

ቨርጂል፣ «መራመድስ?» አላት።

«መራመድ ይችላሉ። ግን መንገድ ሲሻገሩ ዓይንዎን ብቻ ሳይሆን አንገትዎን በሙሉ ወደ ግራ ያዙሩ። ትከሻዎ ጭምር ይዙር። ልማድ እስኪሆን ድረስ።»

መኪናው ውስጥ መንጃ ፈቃዱን ከቦርሳው አውጥቶ ጣቱን ሲያሻሽበት አየሁት፤ ከዚያ መልሶ ከተተው። 

ዛሬ ጠዋት ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ «ሻወር ቤት ደርሼ እመጣለሁ» አለ። ከዚህ ከመጨረሻው ቦታ ሻወር ቤት ለመድረስ ዋናውን መንገድ መሻገር ያስፈልጋል፤ ቤት መኪናዎቹ የሚገቡበትና የሚወጡበትን። ድሮ ቦታችን ከወዲያ ማዶ ነበር። ይህን መንገድ እግሩ አያውቀውም።

«ልምጣ?» ልል ነበር። አፌ ውስጥ ነበር።

ወጣ። በመስኮቱ አየሁት። ጠጠሩ የሚያልቅበት ሲደርስ ቆመ። አንድ ትልቅ ቤት መኪና ከበሩ እየገባ ነበር፣ በግራው በኩል። ጫማዬን አጥልቄ በሩ ላይ ደርሼ ነበር፤ እጄ መክፈቻው ላይ ነው። ቨርጂል አንገቱን አዞረ፣ ከዚያ ትከሻውን፣ መላ ሰውነቱ ወደ ግራ እስኪዞር ድረስ፣ እንደ ሰው ሳይሆን እንደ በር። ቤት መኪናው አለፈ። ሾፌሩ እጁን አወዛወዘለት። ቨርጂልም ትንሽ ዘግይቶ፣ ወደ ጠፋው አቧራ አቅጣጫ፣ እጁን አነሳ። ከዚያ ተሻገረ።

ተመልሼ ተቀመጥኩና ጫማዬን አወለቅሁ።